ስም ያልተጻፈበት ቢጫ ወረቀት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለአባ ሐብተ ማርያም፤

ከዚህ ከቀሐ፣ ከራስዎ ቤት ሆኜ ጉልበትዎን ስሜ ሰላም እልዎታለሁ። እንደምን ከርመዋል? የቆላው ሙቀት እንዴት አደረገዎ? ያ በክረምት የሚጠዘጥዝዎ ጉልበትስ ረገብ አለልዎ? ከሁሉ በላይ ዓይንዎ እንዴት ነው? የገዳሙ አባቶች ድጓውን እርስዎ እንዲጽፉ እንዳዘዙ ከሰማሁ ወዲህ፣ ብራናው ላይ አጎንብሰው እየታዩኝ እጨነቃለሁ። መነጽሩ ካልተስማማዎ ይላኩልኝ፣ የሚለውጥልኝ ሰው አለ። ወባ ተነሥቷል ሲሉም ሰምተናል። አጎበሩን አጥፈው እንደ ትራስ እንደሚንተራሱት ስለማውቅ፣ እባክዎን ይዘርጉት።

እኛ በአምላክ ቸርነት ደህና ነን። የትነበርሽ ደህና ናት፤ ፍሬ አምስተኛ ክፍል ገብታለች። የጓሮው ግድግዳ በክረምቱ ተንዶ ነበር፣ አሠርቼዋለሁ። እርስዎ የተከሉት ጌሾም እንደተጠበቀ ነው። ደህና ነን ብዬ ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብዘጋው በወደድኩ ነበር። ግን አንድ የማይረባ ነገር ሠርቻለሁ። ከሰው አፍ ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው ወረቀት ያነሣሁት። ሰምተው ምን እንደሚሉኝ ማሰቡ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ሥራዬን ያውቁታል። ለመድኃኒት ቤቶች የምተክለው ሶፍትዌር ማለት መዝገብ ማለት ነው። የትኛው መድኃኒት እንዳለ፣ የትኛው እንዳለቀ፣ የትኛው ጊዜው እንዳለፈበት ኮምፒውተር ውስጥ ይይዛል። ሠሪው አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው፤ እንደ እኔ በየከተማው እየዞሩ የሚተክሉትንና ሲበላሽ የሚጠግኑትን ደግሞ አጋር ይላቸዋል። እኔ አጋር ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ድርጅቱ የሰሜኑን አጋሮች በሙሉ እዚሁ ጎንደር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ለሁለት ቀን ሰበሰበን። በጉባኤው መጨረሻም ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን አገር የሚመራ አንድ ዋና አጋር ይሰየማል ተባለ። እኔ ራሴን ሰይሜ ጨርሼ ነበር። የትነበርሽ ሱፌን ተኩሳልኝ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ መቶ ካርድ አሳትሜ ሄድኩ።

ዕንባቆምም ተጠርቶ ነበር። የቱ ዕንባቆም እንደማይሉኝ አውቃለሁ። ከወገራ መጥቶ እኛ ቤት አራት ዓመት የኖረው፣ ከእኔ ጎን ተቀምጦ ቁም ጽሕፈት ከእርስዎ የተማረው ዕንባቆም ነው። የእሱን ብራና ወደ ብርሃን አንሥተው ዝም ብለው ያዩት ነበር። የእኔን ግን ከላይ እስከ ታች አርመው ነበር የሚመልሱልኝ። ኮምፒውተርም ቢሆን መጀመሪያ የነካው በእኔ ሱቅ፣ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። አሁን ደባርቅ ላይ የራሱ ሱቅ አለው። አጋር ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መብራት ጠፋና የእንግዶቹን ስም የሚያትመው ማሽን ቆመ። ኤሌኒ የምትባለው የድርጅቱ ኃላፊ፣ ጽሕፈቱ የሚነበብ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ከኋላ ሆኖ፣ አያ ፍቅሬ አለላችሁ፣ እንደሱ የሚጽፍ በጎንደር የለም ያለው ዕንባቆም ነው። ቁጭ ብዬ የሃምሳ አራት ሰው ስም በወፍራም እስክሪብቶ ጻፍኩ፤ እርስዎ እንዳስተማሩኝ የፊደሉን አንገት አቅንቼ፣ እግሩን አስተካክዬ። ሰው ሁሉ እያደነቀ፣ ፎቶ እያነሣ ደረቱ ላይ አንጠለጠለው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽዎትም። የዕንባቆም ተራ ሲደርስ ግን ስሙን ከሁሉም ስም አሳንሼ ጻፍኩት። ሌላ ሰው ልብ አላለም። እሱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ዝም ብሎ አየውና፣ የየኔታ እጅ ናት፣ ሸጋ ናት አለኝ።

የሻይ ሰዓት ሲደርስ ኤሌኒ፣ አንድ ቦታ ተገትራችሁ አትቁሙ፣ ተዋወቁ፣ ስልክ ተለዋወጡ፣ ኔትወርኪንግ የሚባለው ይህ ነው፣ ከሥልጠናው ይበልጣል አለችን። እኔ ሳምቡሳዬን ይዤ ተገትሬ ቆምኩ። ከመቶው ካርድ የሰጠሁት አራት ነው፤ አንዱንም የተቀበለኝ አስተናጋጁ ነው። ዕንባቆም ካርድ እንኳ አልያዘም፤ ሰው ነው ወደሱ የሚሄደው። የደሴዎቹ፣ የባሕር ዳሮቹ ከበውት፣ ኔትወርክ በሌለበት አገር እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቁታል። ኮምፒውተሩን በበቅሎ ጭኖ ጃናሞራ ድረስ መሄዱን፣ በቅሎዋም ወንዝ ላይ አልሻገርም ብላ ግማሽ ቀን እንዳዋለችው ይነግራቸዋል። ሁሉም ይንከተከታሉ። ሌላ ምን ያወራላቸው ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ጠጋ ስል፣ ጨዋታቸውን ጨርሰው ሊበተኑ ሲሉ ደረስኩ።

ቀናሁ፣ አባቴ። አንጀቴ እስኪያርር ቀናሁ። በሳቁ ቀናሁ፣ ስም ሳይጠይቅ ሰው በስም በመጥራቱ ቀናሁ። ጫማው እንኳ አቧራ የጠገበ ተራ ጫማ ነው፣ እኔ የሚያብለጨልጭ ተጫምቼ በእሱ ጫማ ቀናሁ። ማታ ቤት ገብቼ የትነበርሽ እንዴት ዋልክ ስትለኝ፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ተጠቅልዬ ተኛሁ።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ኤሌኒ ለእያንዳንዳችን ቢጫ ወረቀት አደለችን። ዋናው አጋር ከመሰየሙ በፊት በባልደረባው ላይ ቅሬታ ያለው ሰው ስሙን ሳይጽፍ ቅሬታውን ብቻ ጽፎ፣ በእረፍት ሰዓት ግድግዳው ላይ ይለጥፍ አለች። ስም የለበትም ሲባል ልቤ ደፈረ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ የደባርቁ አጋር የሰው ደንበኛ ያባብላል፤ ዕውቀቱም የራሱ አይደለም፣ ከሌላ የለቀመው ነው። ይህን ስጽፍ የአምባ ጊዮርጊሱን መድኃኒት ቤት እያሰብኩ ነበር፤ ባለቤቱ እኔን ትቶ ወደ ዕንባቆም ሄዷል። ሰውዬው ሦስት ሳምንት ሙሉ እየደወለልኝ እንዳልሄድኩለት ግን አልጻፍኩም።

ሌላ ሰው ቢሆን ክፉ ነገር ሲጽፍ እጁን ያጣምም ነበር። እኔ ቃልና ቃል መካከል ሁለት ነጥብ ሳይቀር አስቀምጬ፣ መጨረሻ ላይ አራት ነጥቡን አስተካክዬ፣ የእርስዎን ተማሪ የሚያስመሰግን ጽሕፈት ጽፌ ለጠፍኩት። ቆሜም ከራቅ አድርጌ አየሁት፣ አምሮ ነበር። ያኔ እንኳ አልታወቀኝም። የሰው ሁሉ ደረት ላይ የእጄ ጽሕፈት ተንጠልጥሎ፣ እኔ ስሜን ደብቄያለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ኤሌኒ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሣች ማንበብ ጀመረች። የእኔን አንብባ ወደ ሰዉ አዞረችው። ኪሩ የሚባል የደብረ ታቦር ሰው ከፊት ተቀምጦ ነበር። ወረቀቱን አየ፣ ጎንበስ ብሎ የራሱን ደረት አየ፣ ዞሮ የጎረቤቱን ደረት አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ አደረገ፤ ከእሱ የቀጠለውም እንዲሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ የገዛ ስሙን ሲያነብ፣ ጸሎት የሚያደርስ ነበር የሚመስለው።

የተነሣው ዕንባቆም ነው። ምነው ዝም አላችሁ አለ። ከተጻፈው ግማሹ እውነት ነው፤ የማውቀው ሁሉ ከሌላ የለቀምኩት ነው፤ ፊደሉን ከየኔታ፣ ኮምፒውተሩን ከአያ ፍቅሬ ለቅሜያለሁ አለ። ሌላውን ግማሽ ደግሞ የአምባ ጊዮርጊሱን ሰው ጠይቁት፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ አለና ተቀመጠ። አልጮኸም። ወደ እኔም ዞር ብሎ አላየም።

ያን ጊዜ ማፈሬንስ አፍሬያለሁ። ግን ያፈርኩትን ያህል ቀናሁ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እንዲህ ብዬ አልናገርም ነበር። ስድብ እመልስ ነበር፣ ወይም ወንበሬን ገፍትሬ እወጣ ነበር። እንዲህ ያለ አንደበትም ለእሱ ተሰጠው ብዬ ተንገበገብኩ። ሰው በበደለው ሰው ትዕግሥት ላይ ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዋና አጋር ተብሎ የዕንባቆም ስም ተጠራ። እኔም ከሰው ጋር አብሬ አጨበጨብኩ።

ተሸሽጌ ልወጣ ስል ሆቴሉ በር ላይ ደረሰብኝ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝም ይሻለኝ ነበር። እሱ ስለ ወረቀቱ አንዳች ሳያነሣ፣ አያ ፍቅሬ፣ የኔታ ደህና ናቸው ወይ፣ ስሜንስ ያነሣሉ ወይ አለኝ። ብዕሩን ትቼ ወደ ማሽኑ ስለሄድኩ ተቀይመውኛል፣ ለዚያ ነው ገዳም ከገቡ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሰላም ያላሉኝ፣ እኔም ፈርቼ ነው ያልወረድኩት አለኝ።

አባቴ፣ የጻፍኩት ሁሉ እዚህ ለመድረስ ነው። ከመነኮሱ አራት ዓመት ሆነዎ፤ በእነዚህ አራት ዓመታት በጻፉልኝ ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ ለልጄ ለዕንባቆም ሰላምታዬን አድርስልኝ ይላል። አንዱንም አላደረስኩም። የመጀመሪያውን ረስቼው ነው። ሌሎቹን እያወቅኩ ነው ያስቀረሁት። ከሁለት ገጽ ውስጥ አንዲት መስመር ለእሱ ማካፈል ከበደኝ፤ ልጄ የሚለው ቃልማ ጭራሽ አነቀኝ።

ነገርኩት። በየደብዳቤው ያነሡሃል፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁብህ አልኩት። ዞር ብሎ የአጥሩን ግንብ ተደግፎ አለቀሰ። የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው ነው። እኔ በእርስዎ ሰላምታ አልቅሼ አላውቅም፤ እዚያው ቆሜ በእንባውም ቀናሁበት። ይቅርታ ጠየቅከው ወይ ቢሉኝ፣ አዎን ጠይቄዋለሁ። በአፌ ጠይቄዋለሁ፣ ልቤ ግን ገና አልደረሰም። የጎንደርን ከተማ አንተ ያዝ፣ አብረን እንሥራ ብሎኛል። የትነበርሽ እሺ በል ትላለች። እኔ እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።

እርስዎ መቆጣት ካለብዎ ይቆጡኝ፤ የሚሰጡኝንም ቀኖና እቀበላለሁ። የምለምንዎ ግን አንድ ነገር አለ። ከእንግዲህ ለዕንባቆም በራሱ ወረቀት ይጻፉለት። የፈለጉትን ያህል ይርዘም። እኔ በምቀበለው ደብዳቤ ውስጥ ግን እኔና ቤተሰቤ ብቻ እንኑርበት። ይህም ቅናት ነው ቢሉኝ፣ አዎን ቅናት ነው።

የትነበርሽ እጅ ነሥታለች፤ ለጾሙ የሚሆን ሽሮና በሶ አዘጋጅታልዎታለች። ፍሬ ጉልበትዎን ትስማለች፤ እርስዎ የቀረጹላትን መቃ ብዕር ትምህርት ቤት ወስዳ ጓደኞቿን ስታስቀና ውላ፣ እኔ ስቆጣት ከማን ወረስኩት ብላ አሳቀችን። እኅቴ ወለተሩፋኤልም ከፀዳ መጥታ ነበር፤ አዲሱ ቤቷ ጣራ ለብሶላታል፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ ትላለች። ጎረቤታችን እማሆይ አበቡም በእግዚአብሔር ስም ሰላም ብለውዎታል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ዕንባቆም ነው። ለኅዳር ሚካኤል እወርዳለሁ ስላለኝ፣ ፖስታውን አሽጌ በእጁ የምሰጠው እኔው ነኝ። ምን እንደተጻፈበት አልነግረውም፣ እሱም አይጠይቀኝም። በሩ ላይ ቆሞ ሲያዩት ደስ እንደሚልዎ አውቃለሁ። ደስ ይበልዎ። ብቻ፣ አባቴ፣ መስቀልዎን አሳልመው፣ አጠገብዎ አስቀምጠው ስለ ደባርቅ ከመጠየቅዎ በፊት፣ መጀመሪያ የእኔን ያንብቡ።

ልጅዎ ፍቅረ ማርያም

ጎንደር፣ ቀሐ
ኅዳር ፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.