የሰይድ መሐላና የእሑድ እንግዶች

ረቡዕ

ሰይድ እምቢ አለ። እምቢ እንደሚል ባውቅም አናደደኝ።

ጠዋት ከደሴ ተደወለልኝ። የማዕድን ስብሰባ አለ፤ የኦፓልና የድንጋይ ከሰል ሰዎች። ቅዳሜ ውጫሌ ሄደው የአምባሰልን ከሰል ያያሉ፤ እሑድ ደግሞ እኛ ዘንድ፣ ሐይቅ። አስተባባሪው «እማዋይሽ፣ እንደ ድሮው ጀልባ አለ አይደል?» አለኝ። አለ አልኩ። አፌ ቀድሞኝ። ጀልባ ከሌለ ኮምቦልቻ ይዟቸው እንደሚሄድና ሁለተኛም እንደማይጠይቀን ነገረኝ።

ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያው ጥሪ ነው። ይህ ካመለጠ አስጎብኚነቴ አበቃ። ልጄ ቤት ገብቼ የልጅ ልጅ መጠበቅ ነው የቀረኝ። እወዳቸዋለሁ፤ ግን ገና ነኝ።

ጀልባው የሰይድ ነው። ጓሮው ውስጥ ተገልብጦ ከሥሩ ዶሮ ታቅፋለች። ለመንኩት። «ወላሂ ብያለሁ እኮ እማዋይ። ሐዋን ቀብሬ ስመለስ ነው የማልሁት። ሁለተኛ እንግዳ አላሳፍርም!» ሐዋ ሚስቱ ናት። ስኳር ነበረባት። በጦርነቱ ወራት መንገድ ተዘግቶ መድኃኒቷ አለቀ፤ እሷም አለቀች።

ምን ልበለው? ወጥቼ ሄድኩ።

ሐሙስ

ያን ዘመን ሳስብ አረፈድኩ። ለውጡ የመጣ ሰሞን ደሴ ያለ ስብሰባ አታድርም ነበር። ሰው ሁሉ ተስፋ በተስፋ። እሑድ ሲሆን አውቶብስ ሙሉ እንግዳ ይወርድልናል። ወንዶቹን እስጢፋኖስ ገዳም ደጃፍ አድርሼ ለመነኮሳቱ አስረክባለሁ፤ ሴት አይገባም። ሴቶቹ ማኩረፍ ሲጀምሩ ሰይድና ሐዋ ይረከቡናል። እሱ ይቀዝፋል፣ እሷ በአምባሰል ቅኝት ታንጎራጉራለች። ሦስት ቀን ስለ ድንጋይ ስታወራ የከረመች ሴት እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል አይቻለሁ። ወንዶቹ ከገዳም ሲመለሱ የተቆጩት እነሱ ነበሩ።

ሐዋ አንቱታ አታውቅም ነበር። አንዱን ባለሥልጣን «አንተ፣ ወደ መሐል ጠጋ በል፤ ታሰምጠናለህ!» ያለችው ለት በሳቅ ልሞት ነበር። ናፈቀችኝ። ዛሬስ በጣም ናፈቀችኝ።

ከሰዓት ሸህ ይማም ዘንድ ሄድኩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን የሰይድን ወላሂ የእኔ የንስሐ አባት አይፈቱት። ሸሁ እስክጨርስ ሰሙኝ። «መሐላ ከኸይር ሥራ ካገደ ይተዋል፣ ከፋራው ይወጣል» አሉ። ከፋራው፣ የመሐላው ካሳ፣ ዐሥር ሚስኪን ማብላት ነው። «ይኸው ነው?» ብላቸው «ይኸው ነው፤ አብሽሪ» አሉኝ።

እየበረርኩ ሰይድ ዘንድ። ጀልባውን ዞሮ ዞሮ አየ። በመጨረሻ «በጉን እኔ አርዳለሁ። ሰዎቹን አንቺ አምጪ» አለኝ። ደስ አለኝ። ከጦርነት በወጣ አገር ችግረኛ ማግኘት ምን ያቅታል ብዬ።

ዓርብ

ሚስኪን ጠፋ!

ከጁምዓ በኋላ ቤት ለቤት ዞርኩ። መጀመሪያ እመት ዘምዘም። ጣራቸው በጥይት ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል። «አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ምን ጎደለኝ? ያችን የከድርን እናት ጥሪያት እንጂ።» የከድር እናት፣ ልጇ ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ያልተሰማላት፣ «እኔን ነው? ከኔ የባሰ ስንት አለ!» ብላ ወደ ጋሽ አሊ ሰደደችኝ። ጋሽ አሊ ዓይናቸው አያይም፤ ጧሪም የላቸው። በሳቅ ፈነዱ። «ሚስኪን መሆኔን ማን ነገረሽ? ይልቅ ሚስቱን ያጣው ሰይድ ነው፤ እሱን አብሊው።»

እንዲህ እየተባባሉ አመላለሱኝ። መሸ፤ አንድ ሰው አልተገኘም። ባዶ መሶብ ከድኖ «እንብላ» የሚል ሕዝብ መሆኑን ተወልጄ ባደግሁበት አገር እንዴት ረሳሁት? ሰው ደጅ ቆሞ ሚስኪን ነህ ወይ ማለትስ ምን የሚሉት ድፍረት ነው? አፈርኩ።

ሸሁ ሲሰሙ እሳቸውም ሳቁብኝ። «ሚስኪን ብለሽ ጠርተሽ ማን ይመጣል? ለሐዋ ዱዓ አለ በያቸው። ከመጣው ውስጥ ዐሥሩን አላህ ያውቃቸዋል።»

ቅዳሜ

መንደሩ በሙሉ መጣ። ሁሉም!

በጉ አልበቃም። እኛ ክርስቲያኖቹ የእስላም እርድ ስለማንበላ ሽሮዬን ይዤ ሄጄ ነበር፤ እሷም አልቃ ሙስሊሞቹ ድስቷን ጠረጉልኝ። እመት ዘምዘም አንድ ሰሃን ንፍሮ ይዘው መጡ፤ ሚስኪን አለመሆናቸውን እንዳውቅላቸው ይመስለኛል። ጋሽ አሊ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ሰይድ አልተቀመጠም። ጆግ ይዞ እየዞረ የሁሉንም እጅ አስታጠበ። ሸሁ ለሐዋ ዱዓ ሲያደርጉ እኛም እነሱም አሚን አልን።

ከዚያ ወንዶቹ ማንም ሳያዛቸው ወደ ጓሮ ዞረው ጀልባውን ቀና አደረጉት። ዶሮዋ መንደሩን በጩኸት አናጋችው። ተሸክመው ውኃው ዳር አወረዱት። ሰይድ አላዘዘም፣ አልከለከለም።

ነገ ይመጣ እንደሆነ አልነገረኝም። መጠየቁንም ፈራሁ።

እሑድ

ቀድሞኝ መጥቷል። ንጹሕ ሽርጥ ታጥቆ፣ መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። «ዋ፣ አረፈድሽ» አለኝ።

እንግዶቹ አንድ ሚኒባስ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ወጣቶች፤ ጫማቸው ላይ ገና የአምባሰል ከሰል አለ። ወንዶቹን ገዳሙ ደጃፍ አድርሼ ተመለስኩ፤ ሴቶቹ ተሳፈሩ። ሰይድ ቀዘፈ። መሐል ስንደርስ መቅዘፊያውን አቆመ።

«እዚህ ስንደርስ ባለቤቴ ታንጎራጉር ነበር» አላቸው። «ሐዋ ትባላለች። እኔ ድምፅ የለኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እንግዳ ዝም ብሎ አይሸኝም ነበር።»

አንዷ ልጅ «አላህ ይዘንላት» አለች። ሌላዋ «ነፍስ ይማር» አለች። ውኃው ብቻ ከጀልባው ሥር ቷ ቷ ይላል። ደግሞም ይገባል! ዘመኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የተገለበጠ እንጨት ተሰነጣጥቆ ኖሮ ሴቶቹ በየተራ በጣሳ እየጠለቁ ወደ ሐይቁ መለሱት። አንዷ ሳቀች፤ ሁሉም ሳቁ። ሰይድም ትንሽ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አስተባባሪው እጄን ጨበጠኝ፤ ስለ ሌላ ጊዜ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅሁ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሰይድ ጀልባው ውስጥ ተንበርክኮ ስንጥቆቹን በጣቱ ይዳብሳል። ቤትህ ግባ፣ ደክሞሃል አልኩት። አልሰማኝም።

«ሬንጅ ያስፈልገዋል» አለ። «ነገ ደሴ የሚወጣ ሰው አለ?»

እኔ እወጣለሁ አልኩት። ላለቅስ ስለነበር ፊቴን ወደ ገዳሙ አዞርኩ።