አባባ የመረጠው ፔዳል

ውድ ወንድምዓለም፣

ከናፍቆቴ ቀጥሎ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

የአባባን ቤዝ ጊታር አሁን የምጫወትበት እኔ ነኝ። ትናንት በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይረውን ፔዳል ልገዛ ከአባባ ጋር ሄድን። ትዝ ይልሃል፣ ጓዳ ስንለማመድ አንተ ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን ከፍ ስታደርገው፣ ከሳሎን ሆኖ "ኧረ ይሄን መጋዝ አጥፉልኝ! ቤዝ ጥርት ሲል ነው!" እያለ ሲቆጣ? በሹክሹክታ ስናማው እንኳ አንድ ቃል አያመልጠውም ነበር።

ሻጩ ሁለት ፔዳል ሞከረልን። አንዱ ፕሪአምፕ የሚባል ድምፅ ማጉያም ስላለው ጥርት ያለውን ድምፅ ከሻካራው ጋር ይቀላቅላል፤ እኔ እሱን ወደድኩት። በእሱ ጥርት ባለው ድምፅ ስጫወት ግን አባባ መዳፉን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፈነ። "ሻካራውን ጨምሪበት" አለኝ። ጨመርኩ። "አሁንም ጨምሪ!" መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ ገበያተኛው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። እሱ ፊቱ በራ። "ይሄ ነው ቤዝ!" አለ።

እሱኑ ገዛን። አሁን ቤት ውስጥ ስጫወት ጫማውን አውልቆ ወለሉ ላይ አጠገቤ ይቆማል።

ስትደውል በቪዲዮ ይሁን እሺ? ፊትህንም ወደ መብራት አዙረው፤ አፍህን እያየ ሲያወራ ደስ ይለዋል።

እዚያችው ጓዳ በደህና ያገናኘን።

እህትህ