ፈረስ ቀጥ ብሎ አይሄድም

ለምወድህ ልጄ፣ እዚያው በታሰርክበት ሰላምታዬ ይድረስህ።

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ፤ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ጢሜንም ራሴ እላጫለሁ። እህትህ ደህና ናት።

በፖስታ ለምንጫወተው ቼዝ የመክፈቻ እርምጃህ ደረሰኝ። ፈረስህን ግን ቀጥ አድርገህ ነድተኸዋል። ፈረስ እንደሚታጠፍ ገና የወተት ጥርስህ ሳይነቀል አስተምሬህ ነበር። ጽሕፈትህም ተንጋዷል፤ መቼም መብራቱ ደካማ ይሆናል። የእስር ቤቱን በር ዘበኛ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ ልጅዎ ይበላል፣ ይጠጣል» አለኝ። «ታዲያ ፈረሱ ምን ሆነ?» ብለው ሳቀብኝ።

እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቼዝ ስንጫወት «ይህችን እርምጃ ብቻ መልስልኝ» ብላ ስትለምነኝ አንድም ቀን አልመለስኩላትም። የአንተን ግን አልቆጠርኩም፤ ፈረሱን ቦታው መልሼዋለሁ። ቀስ ብለህ አስብና እንደገና ጀምር።

ፊት ለፊት ተቀምጠን ለመጨረስ ያብቃን።

አባትህ