የጦስኝ ውሃ

ኅዳር 26
ብርዱ አጥንት ድረስ ገባ። አብራኝ የምታስተምረው ብርቱካን ከደባርቅ ስትመለስ ኮሶዬ ላይ ከመንገድ ዳር ጦስኝ ገዝታልኝ መጣች። አንድ ፌስታል ሙሉ!
"ለሻይ ብቻ እንዳይመስልሽ። አፍልተሽ ሳፋ ውስጥ ጨምሪና ተቀመጪበት። እንቅልፍሽ ይመለሳል።"
እንቅልፍ... ከዚያ ከተኩሱ ሰሞን ወዲህ መቼ ደኅና ተኝቼ አውቃለሁ?
ሞከርሁት። ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ከላዩ ሻይ ቅጠል። ሳፋው ጠባብ ስለሆነ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ኅዳር 27
ተኛሁ! እስኪነጋ።

ታኅሣሥ 3
የአከራዬ የእትዬ የዓለምወርቅ ልጅ፣ ጽጌሬዳ፣ አራስ ናት። ለመውለድ ነው ከባሏ ቤት እናቷ ጋ የመጣችው። ሳትወልድ በፊት ማታ ማታ እኔ ክፍል ነበር የምታመሸው። የሆዷን እርግጫ አስነክታኛለች።
ዛሬ የታጠብሁበትን ውሃ እንደ ሁልጊዜው ግቢው ውስጥ ደፋሁ። ጽጌ ከሽንት ቤት ብቻዋን ስትመጣ አላየኋትም። ባዶ እግሯን ቅጠሉ መሀል ገባች።
"ኤልዬ፣ ግቢውን ሻይ አጠጣሽው እኮ!" ብላ ሳቀች።
እናቷ ከበር ላይ ሆነው ያያሉ። እሳቸው አልሳቁም።
"አራስ ባለበት ግቢ ቅጠል የፈላበት ውሃ ይደፋል? አንቺስ ምነው ብረት ሳትይዢ ወጣሽ?"
ይቅርታ ጠየቅሁ። ለምኑ እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ታኅሣሥ 9
ጽጌ አትተኛም። አትበላም። ገንፎው እንዳለ ይመለሳል። ልጁን ሲሰጧት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።
"ምን ሆንሽ ጽጌ?"
"እንጃ ኤልዬ... የማንም እናት አይደለሁም።"
ፈራሁ። ለእትዬ ነገርኋቸው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው፣ ሐኪም ያውቀዋል፣ መድኃኒት አለው...
"ይኼ የሐኪም አይደለም" አሉኝ። ዓይኔን አላዩኝም።

ታኅሣሥ 11
ቧንቧው ጋ ጎረቤቶች ያወራሉ።  ስደርስ ሁሉም ጀሪካናቸውን ሰብሰብ አድርገው ወረፋ ለቀቁልኝ። "ቅጂ፣ ቅጂ፣ አንቺ ቅደሚ።" እዚህ ሰፈር መቼ ነው ወረፋ ተለቆልኝ የሚያውቀው? ቀዳሁና ገባሁ።

ታኅሣሥ 13
እትዬ የዓለምወርቅ ክፍሌ መጡ። ታላቅ ወንድማቸው አያ ይበልጣል ከመካነ ብርሃን ደርሰው አብረዋቸው ነበሩ። ተቀመጡ ብል እሽ አላሉም።
"ልጄ፣ ሸጋ ልጅ ነሽ" አሉ አያ ይበልጣል። "ማንም አይጣላሽም። ያሰርሽውን ፍችልን።"
"ምን አሰርሁ አያ?"
"በዚያው ውሃ አንቺው እጠቢያት። በእጅሽ።"
እትዬ ጉልበቴ ላይ ወደቁ። እንደ እናቴ የማያቸው ሴትዮ! "ልጄን መልሽልኝ። ለማንም አንናገርም።"
ባዮሎጂ አስተምራለሁ እኮ እኔ። ካጠብኋት እኔ ነኝ ማለቴ ነው። መተተኛዋ እኔ ነኝ። ካላጠብኋትስ? ትናንት ልጁን "ውሰዱልኝ፣ አንድ ነገር እንዳላደርገው" ብላቸዋለች። ካላጠብኋት በግድ ወደ ሐኪም ልወስዳት አልችል፤ እነሱም አይወስዷትም።
"አጥባታለሁ" አልሁ። "ግን በማግስቱ ሐኪም ቤት ትሄዳለች። ማሉልኝ።"
ማሉ።

ታኅሣሥ 14
አጠብኋት። ጦስኙን እትዬ ራሳቸው አፈሉት፤ እኔ እንዳልነካው ፈርተው ይሁን እንዲፈጥን ብለው፣ አላውቅም። ጀርባዋ አጥንት ብቻ ሆኗል። ጡቷ ተወጥሮ ደንጊያ መስሏል። ውሃውን ቀስ እያልሁ ትከሻዋ ላይ ሳፈስ መጀመሪያ ጥርሷን ነከሰች፤ ኋላ አለቀሰች። ለብዙ ጊዜ አለቀሰች።
"ሞቀኝ" አለች።
በፎጣ እያደረቅኋት ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አፏን ከፍታ።
አያ ይበልጣል ከደጅ ሆነው "ተመስገን፣ ተፈታች" ሲሉ ሰማሁ። የሞቀ ውሃ ነው! ብዬ ልጮኽ ነበር። እንዳትነቃብኝ ብዬ ዋጥሁት።

ታኅሣሥ 24
ቃላቸውን ጠብቀው ወስደዋታል። ሐኪሟ መድኃኒት ሰጠቻት፣ በየሳምንቱ እየተመላለሰች እንድትታይም ቀጠረቻት። ጽጌ መብላት ጀመረች። ዛሬ በመስኮት አየኋት፤ ልጁን እያጠባች ታንጎራጉርለታለች። ደስ አለኝ፣ ከልቤ ደስ አለኝ።
የሐኪሟን ስም የሚያነሣ ግን የለም። ጽጌን ያዳናት ማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያሳመማትም ማን እንደሆነ። ትናንት የላክሁላት ዳቦ ውሻው ፊት ተጥሏል። ሳይቆረስ።
ቤት ልቀይር? ብወጣ "አመነች" ይላሉ። ብቀመጥስ?

ጥር 3
ልጁ ክርስትና ተነሣ። እትዬ ራሳቸው መጥተው ጠሩኝ። ከሁሉም ፊት አስቀመጡኝ፣ ቀድመው አስታጠቡኝ። ሌላው ለአራት ለአምስት ሆኖ ሲበላ ለእኔ ለብቻዬ ትሪ ቀረበልኝ። እንደ ጳጳስ! ማንም አብሮኝ እጁን አልሰደደም።
ጽጌ አምሮባታል። ጉንጯ ሞልቷል። ስታየኝ ፈገግ አለች፤ የእውነት ፈገግታ ነበር፣ እምልበታለሁ። ልጁን ልስም ተነሥቼ ሄድሁ። ጎንበስ ስል ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቱን ሸፈነችው።
"ተኝቷል ኤልዬ" አለችኝ።
ነጠላው ሥር እግሩ ይወራጫል።
"ይተኛ" አልኋት። ወደ ትሪዬ ተመለስሁ።