በስኳር የሞላሁት ጋን

እማ፣ የኔ እማ፣

ከሄድሽ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። አራተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ጥዬ ስመጣ በኩርኩም ያልሽኝን መቼም አትረሺውም። ፊደሌ ቢንጋደድ ጥፋቱ ያንቺም አለበት፣ ኩርኩሙ አንሶ ነበር።

ልጅሽ ደህና ነው። ከመቱ እስከ ቡሬ እንደኔ ጋን የሚያጥን፣ እንደኔ ጌሾ የሚለይ ወንድ ካለ ይምጣና ይታይ! እንዲህ እያልኩ ስፎክር ነበር እስከ ቅርብ ጊዜ። አሁን የምነግርሽን ግን ከኔው አፍ ብትሰሚው ይሻላል። ተካ አናጢው ቀድሞኝ እዚያ ከመጣ አሳምሮ ነው የሚያወራብኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ቀየርኩት፣ ራሴ ወጥቼ፣ ያለ መሰላል። እሺ፣ መሰላል ነበረ። ጥግ ላይ ያለው ያንቺ መደብ ግን እንዳለ ነው፣ የሰከረ ሰው እንኳ አይቀመጥበትም።

ከተማው ቀዝቅዟል እማ። ቡና ካልተሸጠ እዚህ አገር ምን ይሸጣል? ታውቂዋለሽ። ጋሽ ወልዴ፣ ያ ሁሉ ሙሽራ ያለበሱ ልብስ ሰፊ፣ አሁን ጉልበቱ ያለቀ ሱሪ ሲጥፉ ይውላሉ። ተካ አልጋ የሚያዝዝ ጠፍቶበት የወንበር እግር ይቀጥላል። የባጃጅ ልጆች ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍተው ነው የሚወርዱት። እኛ ቤት ደግሞ ሁለት ጎልማሳ አንድ ብርሌ ያዝዝና «ባዶ ብርሌ ጨምርልን» ይላል። ባንቺ ጊዜ ይሄን የሚል ቢኖር ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አሁን ማንም አይስቅም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያካፍላል።

ኦቦ ዲንሳ በማር ቆረጣው ጊዜ እንደ ድሯቸው ከኖፓ መጡ። ጢም አብቅዬም ጉርባ ነው የሚሉኝ፣ ልጅ ማለታቸው ነው። ሁለት ጄሪካን ማር በፈረስ ጭነዋል። አንቺ ብትሆኚ በጣትሽ ቀምሰሽ፣ ዋጋ ሳትሰብሪ ሁለቱንም ታስገቢ ነበር። እኔ ብልጥ ነኛ! «ዘንድሮ ግማሽ ጄሪካን ይበቃኛል፣ የቀረውን ሌላ ሰው ጋ ይውሰዱት» አልኳቸው። ዝናብ ይዘንባል። መልሰው ጫኑና ፈረሷን አዙረው ሄዱ።

የጎደለውን በስኳር ሞላሁት። ይኸው፣ አልኩት። ስኳር አቃጥዬ ቀለሙን አመጣሁት። ቀለሙማ ካንቺም ጠጅ ያምር ነበር።

ወግሽን ግን አልተውኩም። አዲስ ጋን ሲከፈት ጋሽ ወልዴ ሳይቀምሱ ለማንም አይቀዳም። ያን ቀን ገበያ ነበር፣ ቤቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ሞልቷል። ቀዳሁላቸው። ሰዉ ሁሉ ያያቸዋል። ጎንጨት አሉ፣ አፋቸው ውስጥ አቆዩት፣ ዋጡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። እማ፣ እሳቸው አውቀዋል፣ እኔም እንዳወቁ አውቄያለሁ።

«ቅዳላቸው» አሉ። «የእናቱ ልጅ ነው።»

ዋሹልኝ። በነጋታው ግማሹ ሰፈር ራሱን በሻሽ አስሮ ወጣ። ተካ ደጃፌ ላይ ቆሞ ጮኸ፦ «አንተማ ልጅ ነህ! ጋሽ ወልዴ ናቸው እንጂ ምላሳቸውን በነጻ ብርሌ የሸጡት!» ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከኔ ወደሳቸው ዞረ። በጠጅ ያልታመነ ሰው በጨርቅ ይታመናል? ልብስ ሊያሰፋ የመጣው ሁሉ «እዚሁ ፊቴ ላይ ይቁረጡት፣ ቁራጩንም ይመልሱልኝ» ማለት ጀመረ። ሥራ በጠፋበት ጊዜ ሰውዬው የቀራቸው እምነታቸው ነበር፣ እሱን ነው የበላሁባቸው። እሳቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። እኔ፣ ምላሴ አርፎ የማያውቀው! በአራተኛው ቀን የቀረውን ጠጅ ጓሮ ደፍቼ ኖፓ ሄድኩ። ኦቦ ዲንሳ ደጃፋቸው ላይ አቆሙኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ግባ አላሉኝም። በኋላ «እናትህ ዳማ ስትቀምስ ዓይኗን ትጨፍን ነበር» አሉ። ማሩን በኦሮምኛ ዳማ ነው የሚሉት፣ በአማርኛ ሲያወሩም። «አንተ ግን ጉርባ፣ ሳትቀምስ ነው የመለስከኝ።» ማሩን ሸጠውታል። ለቤታቸው ካስቀመጡት ላይ አንድ ጋን የሚበቃ ሰጡኝ። ዋጋ አልሰበርኩም።

ጠመቅኩት። ሳምንት እንደሚቀረው ጠርጥሬ ነበር፣ ግን ቤቱ ባዶውን ስንት ይክረም? ሰው ሌላ ቤት ከለመደ አይመለስም። ስለዚህ ትናንት፣ በገበያው ቀን፣ ሁሉንም ጠራሁ። ጋሽ ወልዴ አልመጣም ብለው ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

መሀል ላይ ቆምኩ። «ስኳር ነበር» አልኩ። «የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ወልዴ ገብቷቸው ነው የሸፈኑኝ፣ ለእናቴ ብለው። ምላሳቸውን በነጻ ብርሌ ሸጠው አያውቁም።»

ተካ «ጉድ!» አለ። ብርሌውን ለጋሽ ወልዴ ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ከኮታቸው ኪስ አላወጡም።

«አንተ ቅመስ» አሉኝ። «ቅመስና ለሰዉ ንገር።»

እማ፣ እኔ የራሴን ነገር ጥሩ አይደለም ብዬ አላውቅም፣ አንቺ ታውቂኛለሽ። ቀመስኩት። ማሩ ያው ያንቺ ማር ነው፣ ግን ገና ብርዝ ነው፣ ይጣፍጣል፣ አልበሰለም። ቤቱ በሙሉ አፌ አፌን ያያል። አግዳሚው ሞልቷል። ጥሩ ነው ብል ይጠጡታል፣ ማንንም አይጎዳም፣ እኔም ቤቴን አተርፋለሁ።

«አልደረሰም» አልኩ። «ሳምንት ይቀረዋል። ዛሬ የሚቀዳ የለም።»

«እና ለምን ጠራኸን? ብርሌ ልታስጎበኘን?» አለ ተካ። ሰዉ ሳቀና ተነሳ። አንዳንዱ ወደ ማዶው ጠጅ ቤት ሲሻገር በዓይኔ አየሁት። ጋሽ ወልዴ መጨረሻ ላይ ወጡ። አልመረቁኝም። የሸሚዜን ኮሌታ ያዝ አድርገው አገላብጠው አዩትና «ይሄ አልቋል፣ ሰኞ ይዘኸው ና» አሉኝ።

ዛሬ ቤቱ ጭር ብሏል። የጋኑን አፍ መልሼ አስሬዋለሁ። በሚመጣው ገበያ ይምጡ አይምጡ አላውቅም። ካልመጡ ይሄ ቤት ይዘጋል፣ አልዋሽሽም፣ እፈራለሁ። ተዝካርሽን ባወጣሁ ጊዜ ሰው ፊት ቆሜ እናቴን አልረሳም ብዬ ፎክሬ ነበር። ከእንግዲህ በአፌ አልፎክርልሽም። ጋን በከፈትኩ ቁጥር እቀምሳለሁ፣ ያገኘሁትንም እናገራለሁ። ያኔ፣ ልጄ አስታወሰኝ በይ።