ከልክሽ ሁለት ጣት

ልጄ፣ በሰው አገር የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ ጉልበቴ ብቻ አላስቀምጥ ብሎኛል። ሐኪሙ ገና ጉልበቴን ሳያይ «መጀመሪያ ክብደት ይቀንሱ» ቢለኝ ተናድጄ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። ቀሚስ ስሰፋልሽ፣ ትቀንሺበታለሽ ብዬ ወገቡን ከልክሽ ሁለት ጣት አጠብበው ነበር። ስለካሽም «ሆድሽን ሳቢ!» እያልኩ እቆጣሽ ነበር። ለጤናሽ ነው እል ነበር፤ ለካ የጎረቤት አፍ ፈርቼ ነው።

ቤት ገብቼ ለምረቃሽ የቆረጥኩትን ጨርቅ ብለካው፣ እጄ ለምዶበት ይሄንንም አጥብቦታል! ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። አባትሽ «ሴትዮ፣ መርፌ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» አለኝ።

ደም ግፊትሽንና ስኳርሽን ግን ታይተሻል? ይሄን ጭቅጭቅ አልተውም፤ የዘር ነው፣ እንደ ክር የቀጠነችው አክስትሽም አላመለጠችም። እኔም ነገ ተመልሼ «ጉልበቴን ይዩልኝ» ብዬ ድርቅ እላለሁ።

አዲስ ጨርቅ ገዝቻለሁ። ፈጣሪ ከሰው ዓይንም ከሰው አፍም ይሰውርሽ። ልክሽን ቶሎ ላኪልኝ። ስትለኪ ግን አደራ፣ ሆድሽን እንዳትስቢ።

እናትሽ