ፈረሶቹን ስላስቀደምሽ

የኔ እመቤት፣ እደጊልኝ፣ ክፉ አይንካሽ። እናትሽንም ሰላም በያት። እኛ ደህና ነን። የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን የሚያወርድ ጎሚስታ አሁንም አባትሽ ብቻ ነው!

እናንተ ጋ ስንመጣ መዝናኛ ፓርክ ልንሄድ አይደል? ቁመቱ ለሚገለባበጠው ባቡር ይደርስ እንደሆነ ብዬ ወንድምሽን ጋራዡ በር ላይ ብለካው አራት ጣት አነሰ። "አባዬ፣ ሳበኝ! እህቴ ጥላኝ ከትልልቆቹ ጋር ልትሄድ ነው" ብሎ አለቀሰ። አንቺ ግን መጀመሪያ ከሱ ጋር የሚሽከረከሩት ፈረሶች ላይ እወጣለሁ ማለትሽን ስነግረው በደስታ አበደ። ይኸው አሮጌ ጎማ ላይ ተፈናጦ እስካሁን እየጋለበ ነው። ተባረኪልኝ የኔ ልጅ! ይሄ ልብ መቼም የኔ ነው።

እግዜር በሰላም ያገናኘን። ከፈረሶቹ በኋላ ባቡሩ ላይ እኔና አንቺ እንወጣለን። እዛ ላይ እጄን አጥብቀሽ ያዢኝ፣ እሺ? ፈርቼ እንዳይመስልሽ!

አባትሽ